አባዬ «ዊልቸር አልፈልግም፣ አፈር ግን እወስዳለሁ» ይላል

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ፦

የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። 34 ዓመቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ 76። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ነው የሠራው። መጀመሪያ ድሬዳዋ፣ ኋላ እዚሁ ናዝሬት ጣቢያ (እሱ አሁንም አዳማ አይልም) ቲኬት ቆራጭ ነበር። ወንድሜ ዋሽንግተን አካባቢ መኖር ከጀመረ 11 ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ለእኔና ለአባዬ ቲኬት ቆርጦ ላከልን፤ ቪዛውም ተሳካ። በሚቀጥለው ወር እንሄዳለን።

ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ። አባዬ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ቀኝ ጉልበቱ በደንብ አይታጠፍም። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ወንድሜ «ዊልቸር እዘዢለት» አለኝ። ለአባዬ ሳነሳበት «ስንቱን መንገደኛ የሸኘሁ ሰው እንደ ዕቃ ተገፍቼ አልሄድም» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ሱፍ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ ጥቁሩን ጫማዬን አድርጌ ነው የምሄደው ይላል።

ሌላው ሳጥኑ ነው። የድሮ የብስኩት ቆርቆሮ አለው። ውስጡ የባቡር ቲኬቶች፣ ከየጣቢያው ያነሳቸው ጠጠሮች፣ አንድ የዛገ የሐዲድ ብሎን አለ። እሱን በእጄ ካልያዝኩ አልሄድም ብሏል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ወንድሜ ለቀብሯ አልደረሰም። አባዬ ከመቃብሯ ላይ አፈር በብልቃጥ አድርጎ ሊወስድለት አስቀምጧል። ለወንድሜ ስነግረው በስልክ ጮኸብኝ። «አፈር ምናምን ይዛችሁ እንዳትመጡ! ኤርፖርት ላይ ታስይዙኛላችሁ። በርበሬና ሽሮ፣ ቋንጣም ካለ፣ እሱ ይበቃል» አለ። ለአባዬ ምን ብዬ ልንገረው? ወንድሜንስ?

መሐል የገባሁት፣ ከአዳማ

እህቴ፦

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የጉዞ ጥያቄ መሰለኝ፤ ስለ ወንበርና ስለ ሻንጣ ልጽፍልሽ ብዕር አነሳሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ብልቃጧ ላይ ቆምኩ። ስለዚህ ከእሷ እንጀምር፤ ወንበሩ ይደርሳል።

ወንድምሽ በነገሩ ትክክል ነው። አሜሪካ ያለ ልዩ ፈቃድ አፈር አያስገባም። ክፋት አይደለም፤ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታይ የሰብል ተባይና በሽታ ስለሚኖር ነው። ሲፈተሽ ከተገኘ ይወሰዳል። የያዛችሁትን ሳትናገሩ ከተገኘ ደግሞ ቅጣትም አለው። ግን ቅጣቱን ተይውና ይህን አስቢ። አባትሽ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ደክሟቸው ቆመዋል። ጓንት ያጠለቀ ሰው ብልቃጧን ከፍቶ አይቶ ቅርጫት ውስጥ ይጥላታል። ይህን ማየት ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለአባትሽም መንገር ያለብሽ ይህንኑ ነው። «ክልክል ነው» አትበያቸው። ደንብ ሲያስከብሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ደንብ ላይ ይከራከሩሻል። «አባዬ፣ አንተ ቆመህ እያየህ ይጥሉታል፤ እኔ ያንን ማየት አልችልም» በያቸው።

ወንድምሽ የተሳሳተው አነጋገሩ ላይ ነው። ግን እስኪ ልጠይቅሽ። መርዶውን ማን ነገረው? ሰው ቤቱ ሄዶ፣ አብሮት ተቀምጦ ነው? ወይስ ሥራ ላይ ሳለ በስልክ ሰማ? በአገሩ ወግ እርሙን አውጥቷል? እናቱን አፈር ሳያለብስ የቀረ ልጅ «አፈር ይዘንልህ እየመጣን ነው» ሲባል የሚጮኸው ኤርፖርቱን ፈርቶ ብቻ አይመስለኝም። አባትሽም ብልቃጧን ያዘጋጁት ይህን ስላዩ ይመስለኛል። አንድ ቁስል ነው፤ ሁለቱም ከየበኩላቸው ይነኩታል። አንቺ መሐል ገባሁ አልሽ እንጂ፣ ሁለቱም እየተነጋገሩ ያሉት ስለ አንድ ሰው ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከመሄዳችሁ ሳምንት በፊት ከአባትሽ ጋር ወደ መቃብሩ እሄዳለሁ። አፈሩን እሳቸው ራሳቸው በእጃቸው ይመልሱታል። አንቺ ደግሞ በስልክሽ ቅረጪው፤ ድምፃቸውም ይግባ። ለልጃቸው የሚሉት ካለ እዚያው ይበሉት። ቪዲዮውን አሁን አትላኪለት። እዚያ ደርሳችሁ፣ ሦስታችሁም ስትቀመጡ ታሳዩታላችሁ።

በአፈሩ ምትክ ምን ይሂድ? የእናትሽ ረከቦት ላይ ያሉትን ስኒዎች አስቢ። ከእነሱ አንዷን። አዲስ ሳይሆን እሷ ትጠጣበት የነበረውን፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሸረፍ ያለ ካለም እሱን። ስኒ ማንም አይከለክልሽም። ልጇ በየጠዋቱ ያየው የነበረ ዕቃ ነው፤ እጁ ላይ ስታደርጊለት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የትኛዋ እንደምትሄድ ግን አባትሽ ይምረጡ።

ስለ ወንድምሽ ዝርዝርም አንድ ነገር። አፈር አታምጡ ብሎ ቋንጣ ማዘዙ አሳቀኝ። ቋንጣ ሥጋ ነው፤ እሱም አይገባም። በርበሬና ሽሮ ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምግብ ይዛችኋል ወይ ተብላችሁ ስትጠየቁ «አዎ» በሉ። ተናግሮ የተወሰደበት ሰው ዕቃውን ብቻ ነው የሚያጣው። በርበሬው በእጅ ሻንጣ አይሁን። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከያዝሽ ለብቻው ይፈተሻል። ከአባትሽ ጋር ሆነሽ የአንድ ኪሎ በርበሬ ፌስታል ፍተሻ ላይ ሲፈታ ማየት አትፈልጊም፤ ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ሁሉ ነው የሚያስነጥሰው። በሁለት ላስቲክ አሽገሽ፣ በፕላስተር አስረሽ፣ በሚጫነው ሻንጣ መሐል ላይ ቅበሪው።

አሁን ወደ ዊልቸሩ። ሰምተሽ ከሆነ አባትሽ «ጉልበቴ ደህና ነው» አላሉም። «እንደ ዕቃ አልገፋም» ነው ያሉት። ስለዚህ ስለ ጉልበታቸው ብትከራከሪ አትረቺም። ቃሉንም ተይው። ያለውን ነገር ዘርዝረሽ ንገሪያቸው። ቦሌ ውስጥ ከመግቢያው እስከ አውሮፕላኑ ያለውን ርቀት። እዚያ ሲደርሱ ለኢሚግሬሽን የሚቆመውን ሰልፍ፤ አንዳንዴ አንድ ሰዓትም ያልፋል። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም። አንድ ሠራተኛ አብሯችሁ ይሄዳል፣ መንገዱን ያውቃል፣ ሰልፍ ላይም ያግዛል። በባቡር ጊዜ አባትሽ ራሳቸው ስንት አሮጊት ደግፈው አሳፍረው ይሆን? እስኪ ያንን እንዲያወሩሽ አድርጊ። ሲያወሩ ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ።

ደግሞ አንድ ብልሃት አለ። ማዘዝና መቀመጥ ይለያያሉ። አሁኑኑ ደውለሽ፣ ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት፣ አስመዝግቢ። የዚያን ዕለት አባትሽ በእግሬ እሄዳለሁ ካሉ ማንም አያስገድዳቸውም። ሳታስመዝግቢ ቀርተሽ ጉልበታቸው ቢይዛቸው ግን የሚገፋ ሰው ቶሎ አታገኚም። ይህንንም በድብቅ አታድርጊው፤ «አዝዣለሁ፣ መቀመጡ ያንተ ፈንታ ነው» በያቸው። ቦሌ ላይ በእግራቸው ይሄዱ ይሆናል። ከ15 ሰዓት በላይ ከተጓዙ በኋላ ግን ሐሳባቸውን እንደሚቀይሩ ልወራረድ እችላለሁ።

ስትደውዪ በዚያው ወንበር አስመርጪ። መተላለፊያው ዳር ይሁን። ቀኝ ጉልበታቸው ስለሆነ ደግሞ መተላለፊያው በቀኝ እጃቸው በኩል የሚውልበትን ወንበር ጠይቂ፤ ያን ጊዜ እግራቸውን አልፎ አልፎ ዘርጋ ማድረግ ይችላሉ። የምግቡ ጋሪ ሲመጣ ግን ንገሪያቸው። የአደጋ ጊዜ መውጫው አጠገብ ሰፊ ቦታ አለ ይሉሻል፤ እዚያ የሚቀመጠው በሩን ከፍቶ ሌላውን መርዳት የሚችል ሰው ስለሆነ ለአባትሽ አይሰጥም። መተላለፊያ ዳር የምልሽ ለሌላም ነገር ነው። ትልልቅ ሰዎች ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው ማስነሳት ያፍራሉ። ስለዚህ ውኃ አይጠጡም። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ደግሞ በጣም ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደርቃል፣ ራስ ይመታል። ዳር ከተቀመጡ ማንንም ሳያስነሱ ይሄዳሉ፤ ውኃውንም ይጠጣሉ።

ከአራት ሰዓት በላይ ሳይነሱ መቀመጥ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል። በአባትሽ ዕድሜ ይህ ቀልድ አይደለም። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው እስከ ሽንት ቤቱ ደርሰው ይመለሱ። ተቀምጠውም ቢሆን የሲንጀር መኪና እንደሚረግጥ ልብስ ሰፊ የእግራቸውን ጫፍ ወደ ላይ ወደ ታች ያድርጉ። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸው ጋ ስትሄዱ (መሄድ አለባችሁ) ሁለት ነገር ጠይቂ። እግር የሚያጠብቀው ካልሲ ለእሳቸው ይሆናል ወይ? የግፊት መድኃኒቱስ በስንት ሰዓት ይወሰድ? ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች «ጠዋት አንድ» የሚለው ይምታታል። መድኃኒቱ ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይሁን። በሚጫነው ሻንጣ አትክተቺው፤ ሻንጣ አንዳንዴ ከሰው በኋላ ይደርሳል።

ሱፉን ተይላቸው። ከረባቱንም። የሱፍ ኮት ኪስ ስንት ነገር ይይዛል መሰለሽ! ፓስፖርቱም፣ መነጽሩም፣ ቲኬቱም እዚያው ነው። እንደውም የሁለታችሁንም ወረቀት እንዲይዙ ሾሚያቸው። ተሳፍረው ሲቀመጡ ከረባቱን ላላ፣ ቀበቶውን ላላ። ጫማው ላይ ግን ተከራከሪ። እግር ያብጣል። እኔ የመጀመሪያ በረራዬ ላይ አዲስ ጫማ አውልቄ ተኛሁ። ስነቃ እግሬ አልገባ አለ። ተረከዙን ረግጬ እንደ ሲሊፐር እየጎተትኩ ነው ኢሚግሬሽን ፊት የቆምኩት። ጥቁሩ ጫማ ሻንጣ ውስጥ ይግባና ልጃቸው ቤት ሊገቡ ሲሉ ያድርጉት። ለመንገድ ሰፋ ያለ፣ ማሰሪያው የሚላላ ይሁን። ጋቢም ያዢላቸው። የሚሰጠው ብርድ ልብስ ስስ ነው፤ ጋቢ ግን ትራስም ይሆናል፣ ወገብም ይደግፋል።

አየር ያጥረኛል ብለው ከፈሩ ይህን ንገሪያቸው። አውሮፕላኑ 10 ሺህ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢወጣም የውስጡ አየር የሚስተካከለው ቢበዛ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ 2300 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ በአየሩ በኩል መገናኛ ሻይ ቤት ቁጭ እንዳሉ ይቁጠሩት። ጆሮ ግን አውሮፕላኑ ሲወርድ ይደፈናል፤ ያን ጊዜ አይተኙ፣ ከረሜላ ይምጠጡ። በመንገድ አንድ ቦታ ነዳጅ ለመቅዳት ካረፈም አይደንግጡ። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ጭኖ ለመነሳት ይቸገራል። ባቡሩ አዋሽ ላይ ይቆም እንደነበረው ነው በያቸው፤ ገብቷቸው ያድራል።

ሰዓቱን በደንብ እዪው፣ አደራ። ቲኬት ላይ 22:15 ካለ በእኛ ከምሽቱ 4:15 ነው። 00:30 ካለ ደግሞ ከሌሊቱ 6:30 ነው፤ ቀኑም ተቀይሯል፣ ከአዳማ የምትነሱት በዋዜማው ነው። በፈጣኑ መንገድ አንድ ሰዓት ቢሆንም ከመውጫው በኋላ ያለውን የከተማ መንገድ አትመኚው።

የቀረን ሳጥኑ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። የዛገው ብሎን ፍተሻ ላይ ጥያቄ ያስነሳል፣ ጠጠሮቹም አፈር የተጣበቀባቸው ከሆኑ እንደ ብልቃጧ ናቸው። ደግሞም የዚያን ያህል ዘመን ስብስብ በአንድ ሻንጣ ስርቆት ወይም መርሳት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሳጥኑ ቤት ይቅር። ዝም ብሎ ይቅር ስትያቸው ግን እሺ አይሉም። ከውስጡ አንድ ቲኬት ለወንድምሽ ይምረጡ። እያንዳንዷን ሲያነሱ ታሪኳን ይነግሩሻል፤ አንድ ምሽት ስጪያቸው። ለአዲሶቹ ደግሞ ባዶ የወረቀት ፖስታ ያዢላቸው።

ያ ፖስታ ሥራ አለው። ስንት ዓመት የሰው ቲኬት የቆረጡ ሰው አሁን በራሳቸው ስም የተጻፈ ሊይዙ ነው። ግን ጊዜው የስልክ ሆኗል። የመሳፈሪያ ወረቀቱ (ቦርዲንግ ፓሱ) በስልክሽ ከመጣ የሚቀመጥ ነገር የለም። ቦሌ ካውንተሩ ላይ «በወረቀት አትሙልን» በያቸው፤ ያትሙላችኋል። ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ነው። ፀሐይና ሙቀት ያደበዝዘዋል፤ በፕላስቲክ ላሚኔት ካስደረግሽው ደግሞ ሊጠቁር ይችላል። ቤት እንደገባችሁ ፎቶ ኮፒ አስነሺው። ዋናው በወረቀት ፖስታ፣ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ከጀርባው በእርሳስ ቀኑንና አጠገባቸው ማን እንደተቀመጠ ይጻፉበት። ብዙ ሰው ከጉዞ ማግኔት ይገዛል። መጥፎ አይደለም፤ ፍሪጅ ላይ ግን ሁሉም ይመሳሰላል። የአባትሽ መንገድ ይበልጣል፤ የሚያስቀምጡት የተጠቀሙበትን ነው።

እዚያም ለሳጥኑ የሚሆን አለ። ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ወደ ከተማው የሚወስደው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ጀምሯል። በመጣችሁበት ቀን በሻንጣ አትሞክሩት፤ ሌላ ቀን ወንድምሽ በባቡር ይውሰዳችሁ። የሜትሮው የወረቀት ቲኬት ቀርቶ ስማርትሪፕ የሚባል ካርድ ሆኗል። ለአባትሽ የራሳቸው ካርድ ይገዛላቸው፤ ሲመለሱ ወደ ሳጥኑ ትገባለች። ከዚያ ወደ አሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ሂዱ፤ መግቢያው ነጻ ነው። ውስጡ 1401 የሚል ቁጥር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የተሠራ አረንጓዴ የእንፋሎት ባቡር ቆሟል። ርዝመቱ 28 ሜትር ገደማ ነው። የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን አስከሬን በመንገዱ ከሳቡት አንዱ ነው። የድሮው የእኛ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ የዚያኛው 1.435 ነው። አትንገሪያቸው። በዓይናቸው ለክተው ለልጃቸው ይንገሩት። ወንበርም አጠገባቸው ይኑር፤ ከዚያ ቶሎ አይነሱም።

ዛሬ ማታ ለወንድምሽ ደውዪ። እናንተ ጋ ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ ገና ቀን ነው። «አፈሩን አናመጣም፣ ዊልቸሩንም አዝዣለሁ» ብለሽ ጀምሪ፤ ትከሻው ይቅለለው። ከዚያ «አባዬ ለምን ሊያመጣልህ እንደፈለገ ታውቃለህ?» ብለሽ ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው።

ስኒዋን ደግሞ በአባትሽ ወፍራም ካልሲ ጠቅልለሽ በእጅ ሻንጣሽ ያዣት፤ ከበርበሬው ጋር አይደለም።